አባዬ የተወልን ካሴቶች፦ አርባው ሳይወጣ ሙዚቃ መክፈት ነውር ነው?

ጊዮርጊስ ዙሪያ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አነባለሁ እንጂ ብዙም አልጽፍም። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው ቸገረኝ።

አባቴ ካረፈ ሠላሳ አንድ ቀኑ ነው። ያደግነው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን የምናስረክብበት ቀን ተቆርጧል፤ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረንም። ስለዚህ ሐዘኑ ሳይወጣልን ዕቃ ማውጣት ጀመርን። እህቴ ቁም ሳጥኑን ያዘች፣ እኔ አልጋ ሥር ገባሁ።

አልጋው ሥር አራት የኦሞ ካርቶን አገኘሁ። ሦስቱ ካሴት ነው፤ ሁለት መቶ ይሆናል። አራተኛው የሙዚቃ ሸክላ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ቆጠርኩ።

አባዬ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር ሲሠራ ነው የኖረው። የካሴቶቹንም ወረቀት የጻፈው እንደ ኅትመት ነው። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ መስመሩ ያልተዛነፈ። ቅኝቱን በቀለም ለይቶታል፤ ትዝታ በቀይ፣ ባቲ በሰማያዊ፣ አምባሰል በአረንጓዴ፣ አንቺ ሆዬ በጥቁር። እያንዳንዱ የዘፈን ርእስ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ አለ። በካሴት ወረቀት ላይ አራት ነጥብ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ይቺን ሳይ ተንሰቀሰቅኩ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ቴፑ ይሠራል። አንዱን ካሴት አስገብቼ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። ካሳ ተሰማ ነው፣ በክራር። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤታችን እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ አርባው ሳይወጣ?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዘጋሁት። እትዬ ለቅሶው እስኪያበቃ እኛው ቤት ያደሩ ሰው ናቸው። ንፍሮውን የቀቀሉት እሳቸው ናቸው። አፍሬ መሬት ዋጠኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። በእውነት ነውር ሠርቻለሁ? ደግሞስ ይኼን ሁሉ ካሴት ምን ላድርገው? እህቴ ለቁራሌው እንስጠው ትላለች። ክፋት ኖሮባት አይደለም፤ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከነልጆቿ ነው የምትኖረው። የኔም ቤት ከሷ አይሻልም።

---

ሰራተኛ ሰፈር ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡52

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ነፍስ ይማር።

እኔ ሰባን አልፌያለሁ። እናቴ ስትሞት ሬዲዮናችን ላይ ነጠላ ተደርቦበት ዓመት ሙሉ ቆመ። ማንም አልነካውም። ያንን ሥርዓት አልንቅም።

ግን ለቅሶ ቤት የሚከለከለው ጭፈራ ነው፣ እንጉርጉሮ አይደለም። ድሮ አልቃሽ ተጠርታ ስትመጣ ምን ታደርግ ነበር? ግጥም አላት፣ ዜማ አላት፣ ተቀባይ አላት። ሟቹን የምትጠራው በዜማ ነው። ሁዳዴ ሲገባስ? ዘፈን ይቆማል፣ በገና ግን ይደረደራል። አበው ድምፅ ሁሉ አንድ ነው አላሉም።

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2001 በፋሲካው ዕለት ማታ ነው። በማግሥቱ ከቤት ስወጣ በየታክሲው፣ በየሱቁ የሚሰማው የራሱ ድምፅ ነበር። ሥላሴ ካቴድራል እስኪቀበር ድረስ ሰው በዘፈኑ ነው ያለቀሰው። ነውር ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

አባትሽ በእጁ ጽፎ ያስቀመጠውን ክራር ዝቅ አድርገሽ ከሰማሽ አላዋረድሽውም። ይኼ የኔ አስተያየት ነው።

---

ቀበና ማዶ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡15

ነፍስ ይማር እህቴ። የጋሼን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ግን አልስማማም።

ነገሩ የኃጢአት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎረቤትሽ ሌሊቱን ቁጭ ብለው አብረውሽ ሐዘን ተቀምጠዋል። እድርተኛው ሥራውን ጥሎ ድንኳን ተክሏል። አርባ ቀን የሚጠበቀው ለሟቹ ብቻ ሳይሆን ለእነሱም ነው። ሰው በግድግዳ በኩል ክራር ሲሰማ «እነሱ ረስተዋል፣ እኛ ብቻ ነን ያዘንን» ብሎ ያስባል። እትዬ ያሉሽ ይኼንን ይመስለኛል።

የቀረሽ ዘጠኝ ቀን ነው። ያ ሁሉ ዓመት አልጋ ሥር የኖረ ካሴት ዘጠኝ ቀን አይከብደውም። ተዝካሩን አውጡ፣ ከዚያ እትዬን ቡና ጥሪያቸውና አብራችሁ ስሙት።

---

ሾላ ገበያ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡31

እባክሽን ለቁራሌው እንዳትሰጪ። እኛ ሰጥተናል። በሁለት ማዳበሪያ ሙሉ። ሳምንት ሳይሞላ ታላቅ ወንድሜ «የሠርጌ ካሴትስ?» አለ። ሰፈሩን ዞረን ሰውዬውን ፈለግነው፤ አላገኘነውም። ወንድሜ ዛሬም ድረስ አላነሳብንም። ዝምታው ነው የሚብሰኝ።

---

ቴፕ ጠጋኝ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ሃያ ዓመት ቴፕና ሬዲዮ ጠግኛለሁ፤ ስለ ነውሩ አዋቂዎቹ ይናገሩ፣ እኔ ስለ ክሩ ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ከእንግዲህ አንድም ካሴት ዝም ብለሽ አታስገቢ። ብዙ ዘመን ያልተነካ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል። ቴፑ በኃይል ሲስበው ወይ ይበጠሳል ወይ ይበላዋል። በቢክ እስክሪብቶ ቀስ እያልሽ እስከ ዳር አጠንጥኚና መልሺው። እጅሽ ላይ ከከበደሽ አታስገድጂው፣ ለብቻው አስቀምጪው። በመስታወቷ በኩል ስታይው ጠርዙ ላይ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። እሱን ከሌሎቹ ለዪ፤ ቴፕ ውስጥ ከገባ ለሌላውም ያስተላልፋል።

ሁለተኛ፣ ካሴቱ በአፉ በኩል፣ መሃል ላይ፣ ትንሽዬ ስፖንጅ አለችው። ክሩን ሄዱ ላይ፣ ማለትም ድምፁን የሚያነበው ብረት ላይ፣ የምትጫነው እሷ ናት። ማጣበቂያዋ ይደርቅና ትወድቃለች። ስትወድቅ ድምፁ ይታፈናል፤ ሰው ደግሞ ካሴቱ ሞተ ብሎ ይጥለዋል። አልሞተም። ከማትፈልጊው ካሴት ስፖንጅ አውጥተሽ መለጠፍ ትችያለሽ። አምስት ብሎን ያለው ካሴት ይፈታል። ብሎን የሌለው በሙጫ የታተመ ስለሆነ ቀስ ተብሎ ተፈልቅቆ ክሩ ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል።

ድሮ ክር ሲበጠስ በጥፍር ቀለም እናጣብቅ ነበር። እባካችሁ ተዉት። ሄዱን ያበላሸዋል። ቀጭን ፕላስተር ከጀርባው በኩል፣ ከክሩ ወርድ ሳያልፍ ተቆርጦ ይለጠፍ።

ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጥረጊ። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር ገመድ አገናኚ። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ጫኚ። የድምፁ መለኪያ ቀዩን እንዳይነካ አድርገሽ ቅጂ። ድምፁን በሚጨምቀው በኤምፒ3 ሳይሆን በማይጨምቀው በዋቭ ፋይል አስቀምጪ። የአንድ ሰዓት ቅጂ 600 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ሁለት መቶ ካሴት ባለ 60 ደቂቃ ቢሆን 120 ጊጋባይት ነው፤ ለሃርድ ዲስክ ምንም አይደለም። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ካሴት የሚቀዳው በራሱ ፍጥነት ነው። ሁለት መቶ ሰዓት በሦስት ሳምንት አይገፋም። ስለዚህ ምረጪ።

ምርጫው ደግሞ ቀላል ነው። ሱቅ የተገዛ፣ የታተመ ሽፋን ያለው ካሴት ሌላም ሰው ጋ ይኖራል። በእጅ የተጻፈበት ግን የትም የለም። ከዚያ ጀምሪ።

አንድ ነገር እዪልኝ። ካሴቱ ጀርባ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለ። አባትሽ ሰብሯቸዋል ወይስ እንዳሉ ናቸው? የተሰበረው እንዳይጠፋ የተጠበቀ ነው። የተሰበረው ቦታ ላይ ፕላስተር ከተለጠፈ ደግሞ አንዴ ዘግቶት የነበረውን እንደገና ሊቀዳበት ከፍቶታል ማለት ነው።

---

ጊዮርጊስ ዙሪያ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቀበና ማዶ፣ ልክ ነሽ፣ እጠብቃለሁ። ለእህቴም አነበብኩላት። የሾላ ገበያውን ስትሰማ ዝም አለች፤ ከዚያ የቁራሌውን ነገር አላነሳችም።

ወንድም ቴፕ ጠጋኝ፣ ጥርሶቹን አየሁ። ሁሉም ተሰብረዋል። ሁሉም! በጥንቃቄ ነው የተሰበሩት፣ በምላጭ የተቆረጡ ነው የሚመስሉት። አንዱ ካሴት ላይ ብቻ ፕላስተር አለ። እሱ ላይ ዘፈን አልተጻፈም፤ ቅኝትም የለውም። በእርሳስ «ቤት። ጥር 1976።» ይላል፣ በቃ። አራት ነጥቡ ግን ሁለቱም ጋ አለ።

ያኔ አራት ዓመቴ ነበር። እጄ ላይ ይዤው ብዙ ቆየሁ። ስፖንጇ የለችም። አጠንጥኜ መልሼዋለሁ፣ አልከበደም። እስከ አርባው አላስገባውም።

---

የሸክላ ወዳጅ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ስለ ሸክላዎቹ ማንም ስላላነሳ እኔ ልናገር።

መሃል ላይ ያለውን ክብ ወረቀት እዪው። «አምሃ» ወይም «ካይፋ» የሚል የአሳታሚ ስም ካለ እባክሽ ተጠንቀቂ። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በፈረንጅ 1969 ነው። ያኔ ሸክላ የማሳተም ፈቃድ በአዋጅ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። እሱ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። የመጣው ይምጣ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ ልኮ አሳተመ። ሱቁም እዚያው አባትሽ ሰፈር፣ ፒያሳ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ አገር ጥሎ ወጣ። ከመጀመሪያዋ ሸክላ ጀርባ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች፣ አምሃም ዓለማየሁም፣ በ2013 በወራት ልዩነት አረፉ። ይኼን ሳስብ ሁሌ ሆዴ ይባባል።

ያ ዘመን በጣም አጭር ነው። የታተመው ትንሽ ነው፤ በየቤቱ የተረፈው ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ስለዚህ «ሁሉንም በጅምላ ልውሰደው» የሚል ሰው ቢመጣ አትቸኩዪ። አንድ በአንድ ይታይ።

አያያዙ፦ አቁሚው እንጂ አትደራርቢው፣ ይጣመማል። ፀሐይ አይንካው። ከቆሸሸ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ በመስመሩ ዙሪያ እንጂ አቋርጠሽ አትጥረጊ። መሃል ያለው ወረቀት እንዳይርስ። ከባድና ሲወድቅ እንደ ሰሃን የሚሰበር የጥንቱ ሸክላ ካለ አልኮል እንዳታስነኪው፣ ያሟሟዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ጀርመን አገር የዘፈኑት በእንደዚያ ዓይነቱ ላይ ነበር።

የምታስቀምጡበት ካጣችሁ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን፣ ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትን፣ ወይም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ሄዶ መጠየቅ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ግን የአባትሽን የእጅ ጽሑፍ አንድ በአንድ ፎቶ አንሱት።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 8፡20

እዚህ ገና ምሽት ነው፤ ከሥራ ገብቼ ነው ያነበብኩሽ። እህት ዓለም፣ ነፍስ ይማር።

እኔ ከአገር ስወጣ ስልክ ውድ ነበር። እናቴ ደብዳቤ መጻፍ አትችልም። ስለዚህ በካሴት ትልክልኝ ነበር፣ ሰው ሲመጣ፣ በበርበሬ ከረጢት ውስጥ ሸጉጣ። ካሴቱ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። መጀመሪያ ልክ ፊቷ የተቀመጥኩ ይመስል ዝም ትላለች። ከዚያ «ሰማኸኝ ልጄ?» ትላለች። ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል፣ ሰው በር ያንኳኳል፣ «ቆይ፣ ከልጄ ጋር እያወራሁ ነው» ትላለች።

አንድ ጊዜ ባዶ ካሴት አጣሁ። ጓደኛዬ ጋ አዲስ ዘፈን ነበር። የእናቴን ካሴት ሁለተኛውን ፊት «ይኼን ሰምቼዋለሁ» ብዬ ቀዳሁበት። ዘፈኑ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ፣ በፈለግኩት ሰዓት። እናቴ የለችም። ያኛው ፊት ላይ ምን ብላ እንደነበር ለማስታወስ ሃያ ዓመት ሞክሬያለሁ። ሽሮ ስለላከችላቸው ጎረቤት አንድ ነገር ነበር። ከዚያ በላይ አይመጣልኝም።

«ቤት» የሚለውን ቅድሚያ ስጪው።

---

ሰራተኛ ሰፈር ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

አንዱ ነገር ልቤን ነካውና ተመለስኩ። ልጄ፣ አባትሽ ቤት ውስጥ ለምን ያን ያህል ይቀዳ እንደነበር ታውቂያለሽ? የኛ ትውልድ ሙዚቃን ወጥቶ ነው የሚሰማው። ባንዱን ፊት ለፊት እያየን። ደርግ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ መንገድ ላይ መገኘት በሕይወት መጫወት ነበር። የሸክላውም ነገር ቆመ፣ ካሴት መጣ። ሰው በሩን ዘግቶ ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጠ። ጣቱን ቴፑ ላይ አድርጎ የሚወደው ዘፈን እስኪመጣ ይጠብቃል። ሲመጣ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ይጫናል። ጋዜጠኛው መሃል ገብቶ ከተናገረ አለቀ፣ ሌላ ቀን መጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ልጅ ካለቀሰ ደግሞ አብሮ ይገባል።

በእጅ የተጻፉት ሁሉ እንደዚያ የተለቀሙ ናቸው። አንድ በአንድ። ፊደል ለቃሚ ነበር አላልሽም?

---

ጊዮርጊስ ዙሪያ ቅዳሜ (ከአርባው በኋላ)፣ ከምሽቱ 1፡15

ተዝካሩን ሐሙስ አወጣን። ትናንት ከሰዓት እትዬን ቡና ጠራኋቸው። ቤቱ ባዶ ሆኗል። የቀረው አንድ ሶፋ፣ ረከቦቱና ቴፑ ነው። ስፖንጇን የእህቴ ልጅ በወረንጦ ለጠፋት፤ ከኔ እጅ የሱ ይሻላል። ላፕቶፑንም አገናኝቶ ኦዳሲቲውን ከፈተ። መጀመሪያ ሲዞር ድምፁን ሳናሰማ ብቻችንን ቀዳነው፣ ሁለተኛውን ዙር ነው ለእትዬ የከፈትነው።

መጀመሪያ የሬዲዮ ሹክሹክታ አለ። ከዚያ አባዬ ወደ ቴፑ ጎንበስ ብሎ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ፣ «ጥር 13 ቀን 1976። እሑድ።» ይላል። አራት ነጥቡ ድምፁ ውስጥም ይሰማል። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ድምፅ ነው፤ እኔ አሁን ከሱ እበልጣለሁ። ሬዲዮው ላይ ብዙነሽ በቀለ ጀመረች። አንዲት ሕፃን «አባዬ፣ ውሃ!» ትላለች። እኔ ነኝ። «እሽሽ፣ ብዙነሽ ናት» ይላል። ውሃውን ግን ያጠጣኛል፤ ብርጭቆው ጥርሴን ሲነካ ይሰማል።

ከኋላ ስኒ ይንኳኳል። አንዲት ሴት ትስቃለች። ሆዷን ይዛ የምትስቅ፣ ወጣት ሴት።

እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ይቺ የምትስቀው ማናት?» አሉ።

እኔና እህቴ ተያየን፤ አላወቅናትም። የመለሰችላቸው እናቴ ናት። ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ካሴቱ ውስጥ እትዬን በስማቸው ጠራችና «ሳቅሽን ተዪና ስኒውን አቀብዪኝ» አለቻቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተናገሩም። ሲያልቅ «መልሺው» አሉኝ።

እህቴ አንዱን ካርቶን ይዛ ሄደች። በእጅ የተጻፉትን ተካፍለናል። የታተሙትንና ሸክላዎቹን ሰኞ ስድስት ኪሎ ሄጄ እጠይቃለሁ። «አምሃ» የሚል አራት ወጥቷል፤ እነሱ እኔ ጋ ይቆያሉ።

---

ቴፕ ጠጋኝ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡50

እግዚአብሔር ይመስገን። ፕላስተሩን ዛሬውኑ ንቀዪው፣ በስሕተት እንዳይቀዳበት። ቅጂውም አንድ ቦታ ብቻ አይሁን።

---

ጊዮርጊስ ዙሪያ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

ነቀልኩት። ሦስት ቦታ አስቀምጠነዋል። እትዬም በፍላሽ ወስደዋል፣ ቴሌቪዥናቸው ላይ ይሠካል። ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ካርቶን ሳስር በግድግዳው በኩል እናቴ ስኒ ስትጠይቅ ሰማኋት።